ሳተላይት ለተራራማ አገር

ተራራ ለአገር ግርማ፣ ለሕዝብም መሸሸጊያ ሆኖ ኖሯል። ለመልእክት ግን እንቅፋት ነው። ማማዎች የሚለዋወጡት የሬዲዮ ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ መሥመር ስለሚጓዝ፣ ጋራ ከፊቱ ሲቆም ይጋረዳል። በዋግ ኽምራ ከሰቆጣ እስከ ተከዜ ሸለቆ ጋራና ገደል ስለሚፈራረቁ፣ መንደሮችን ለማዳረስ ብዙ ማማ መትከል፣ ለየማማውም መንገድና የኤሌክትሪክ ኃይል ማቅረብ ያስፈልጋል።

ሳተላይት ይህን ችግር ያቃልላል። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሳተላይት አንድ ዙር የሚፈጽመው ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ በምትዞርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከምድር ለሚመለከተው በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ለምሳሌ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ወዳለ ሳተላይት የተተከለ የሰቆጣ ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ፣ ከአድማስ 64 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። ይህን ያህል ቀና ስለሚል፣ በሸለቆ ውስጥም ቢሆን ጋራ እምብዛም አይጋርደውም።

ይሁን እንጂ በየጣራው የሚታየው የቴሌቪዥን ዲሽ የሚቀበል እንጂ የሚልክ አይደለም። ባለቤቱ የአዲስ አበባን ዜና ይሰማበታል፤ የራሱን ችግር ግን አያሰማበትም። የሚልክም የሚቀበልም ቪሳት የሚባል መሣሪያ አለ፤ የወረዳኔት አገልግሎት ሩቅ ወረዳዎችን ያገናኘው በዚሁ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ መሣሪያ አስቀድሞ ሊደርስ የሚገባው የስልክ ሞገድ ወደማይዘልቅበት ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ነው። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል ከመነሣቷ በፊት፣ የጤና ባለሙያው ሐኪም ማማከር ቢችል ሕይወቷን ሊያተርፍ ይችላል።

ወጪው ከባድ ነው፣ ድምፁም ይዘገያል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ድምፅ ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ወደ ምድር እስኪመለስ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ሐኪም ለሚጠራ ሰው ግን ይህ መዘግየት አይባልም። ወጪውም ቢሆን በየጋራው ማማ ለመትከል ከሚጠይቀው ወጪ ጋር መነጻጸር አለበት።

በርግጥ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የ2ኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ ተማሪውን ጥሎ ይሮጣል፣ መምህሩንም ተመልካች ያደርጋል ተብሎ ተነቅፏል። ስለሆነም ከመሣሪያው ጋር የፀሐይ ኃይልና በአካባቢው ቋንቋ የሚያስረዳ የሠለጠነ ሰው አብሮ መሄድ ይገባዋል።

ሰማዩ ለዋግም ለአዲስ አበባም እኩል ነው። ከሰማይ የሚገኘውን ጥቅም እኩል ማዳረስ ግን የሰው ሥራ ነው።