እርምጃ ቆጣሪውና መምህሩ

የሰው ልጅ መለካት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የጥንቱ መንገደኛ ርቀትን በቀን ጉዞ ይገምት ነበር፤ ገበሬው መሬቱን በጥማድ፣ ሸማኔው ሸማውን በክንድ ይለካ ነበር። የዛሬው ዘመን ሰው ግን መንገዱንና መሬቱን ለክቶ አልበቃውም፤ ራሱን መለካት ይዟል። እንደ አምባር በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ወይም እንደ ቀለበት በጣት የሚጠለቅ አንድ ትንሽ መሣሪያ በቀን ስንት እርምጃ እንደ ተራመደ፣ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ መታ፣ ሌሊቱንም ስንት ሰዓት እንደ ተኛ ይነግረዋል። መሣሪያው የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞችን አልፎ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ በወጣቶች እጅ ላይ የሚታይ ጌጥ ሆኗል።

የመሣሪያው መስፋፋት አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሰውን ለጤናውና ለጥንካሬው የሚያተጋው ቁጥር ነው ወይስ ሌላ ሰው? ጥያቄው ሲሰማ ስለ ዕቃ የቀረበ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን ስለ መምህርነት የቀረበ ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ የመሣሪያውን አሠራር መረዳት ይጠቅማል። በውስጡ የእንቅስቃሴን ለውጥ የሚከታተል፣ ከጥፍር ያነሰ ክፍል አለ። ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተወዛወዘ ቁጥር ይህ ክፍል ለውጡን ይመዘግባል፤ የእርምጃን ምት የሚመስለውንም ለይቶ ይቆጥራል። የልብን ትርታ የሚያውቀው ደግሞ በብርሃን ነው። ከመሣሪያው ሥር የሚበራ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን የመምጠጥ ጠባይ አለው። ስለዚህም ልብ ስትመታ በደም ሥር የሚያልፈው ደም ይጨምራል፤ ተመልሶ የሚመጣውም ብርሃን ይቀንሳል። በምትና በምት መካከል ደግሞ ብርሃኑ ይጨምራል። መሣሪያው ይህን መጨመርና መቀነስ ቆጥሮ የልብን ፍጥነት ያሳውቃል። በእርግጥ የሚደነቅ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያየው እንቅስቃሴንና ብርሃንን ብቻ ነው። ሰውየው እየተራመደ ይሁን ወይም ተቀምጦ እጁን እያወናጨፈ፣ ሁልጊዜ ለይቶ አያውቅም። ለምን እንደሚራመድማ ጨርሶ አያውቅም።

መሣሪያውን የሚያደርጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ግብ የሚያደርጉት በቀን 10,000 እርምጃ ነው። ይህ ቁጥር ከሐኪም ማዘዣ የወጣ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የኦሊምፒክ ጨዋታ በቶኪዮ ተደረገ። አበበ ቢቂላ የማራቶንን ውድድር ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው በዚያ ነበር። ጨዋታው የጃፓንን ሕዝብ ለስፖርት ባነሣሣበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ በወገብ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበ። ስሙንም ማንፖኬይ ብሎ ጠራው፤ ትርጉሙ የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ቁጥሩ ተመራጭ የሆነው ሙሉና ለማስታወስ የሚቀል በመሆኑ እንጂ በብዙ ምርመራ ተጣርቶ አልነበረም። ከ50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በአሜሪካ 16,741 በዕድሜ የገፉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት ሴቶች 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ የሞት አደጋቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙም እርምጃ በጨመረ መጠን እያደገ ሄዶ 7,500 ገደማ ሲደርስ መጨመሩን አቆመ። እንግዲህ ሚሊዮኖች እንደ ሕግ የተቀበሉት ቁጥር መነሻው የአንድ ዕቃ መጠሪያ ነበር ማለት ነው።

ከጊዜ በኋላ መሣሪያው ከወገብ ወደ እጅ ወጣ፤ መለኪያነቱ ሳይቀር ጌጥም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 አፕል የተባለው ኩባንያ ከ18 ካራት ወርቅ የተሠራ ሰዓት በ10,000 ዶላርና ከዚያም በላይ በሆነ ዋጋ ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ግን የወርቁን ሰዓት መሸጥ አቆመ። ወርቁ በውስጡ ያለውን ብልሃት አልለወጠውም፤ ዋጋው ዝቅ ያለው ሰዓት የሚቆጥረውን እርምጃ የወርቁም ሰዓት ይቆጥር ነበር። ማጌጥ ነውር አይደለም፤ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ በአምባርና በአልቦ ሲያጌጥ ኖሯል። ስሕተት የሚሆነው ጌጡን ያደረገ ሰው ትጋቱንም አብሮ የገዛ ሲመስለው ነው።

የመሣሪያውን ጥቅም መካድ ግን ተገቢ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ የዋለ ሰው የተራመደው ጥቂት መቶ እርምጃ ብቻ መሆኑን ሲያይ ሊደነግጥና ሊነሣ ይችላል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች የልብን ምት መዛባት አስተውለው ሰውየው ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ያስጠነቅቃሉ። ነገር ግን ማወቅ ብቻውን ትጋት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደታቸውን ለመቀነስ በሚሹ 471 ወጣቶች ላይ ለሁለት ዓመት ያደረጉትን ጥናት ውጤት አሳተሙ። ወጣቶቹ ሁሉ ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ ተመሳሳይ ምክር ተሰጥቷቸዋል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ከፊሎቹ መለኪያ መሣሪያ እንዲያደርጉ ሲደረግ፣ ሌሎቹ የሠሩትን ራሳቸው እንዲመዘግቡ ተደረገ። በመጨረሻ ሲመዘኑ መሣሪያ ያደረጉት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ፣ ያላደረጉት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። መሣሪያው ቆጠረ፤ ቆጠራው ግን ብዙዎች የጠበቁትን ብልጫ አላመጣም።

ታዲያ ሰውን ለብዙ ዓመት ሳይሰለች የሚያተጋው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአርሲ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚህች ከተማ አቶ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ካሠለጠኗቸው ልጆች መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኙባቸዋል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ባገኘችው ድል የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ሦስቱም የ10,000 ሜትርን የኦሊምፒክ ወርቅ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ወስደዋል። እነዚህ ልጆች ሩጫን ሲጀምሩ ልባቸውን የሚቆጥር አምባር በእጃቸው አልነበረም። የነበራቸው ሜዳው፣ ባሕር ዛፉ፣ አቀበቱና እነርሱን ለይቶ የሚያይ መምህር ነበር።

ምናልባት ይህን ሁሉ ያደረገው የአገሩ ከፍታ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ስስ አየር ሰውነትን ለሩጫ እንደሚያበረታ የታወቀ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ደጋ ከበቆጂ ጋር የሚስተካከል ከፍታ ያላቸው ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን የኦሊምፒክ ጀግኖችን አላፈሩም። ከፍታው ለሁሉ የተሰጠ ነው። በአንድ ክፍል ከተሰበሰቡ ልጆች መካከል የአንዷን አረማመድ አስተውሎ፣ ነገም ከነገ ወዲያም እንድትመለስ የሚያደርግ ሰው ግን በየቦታው አይገኝም።

የጎረቤት አገር ኬንያ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። አየርላንዳዊው ብራዘር ኮልም ኦኮነል እ.ኤ.አ. በ1976 ወደ ኢተን ከተማ የመጡት በቅዱስ ፓትሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ለማስተማር ነበር። የሩጫ አሠልጣኝነትን በትምህርት አልተማሩም። አሠልጣኝነትን የተማሩት ልጆቹን በማየትና ልጆቹን በመጠየቅ ነው። ለአጭር ጊዜ የመጡት ሰው ዕድሜያቸውን በዚያው አሳለፉ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው ፒተር ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል የ1,500 ሜትር ወርቅ አገኘ። እርሳቸው ያሠለጠኑት ዴቪድ ሩዲሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። መምህሩ ሰዓትን ይጠቀሙ ነበር፤ ነገር ግን ሰዓቱ ልጁን እንዲያስተምርላቸው አልጠበቁም።

እነዚህን ሰዎች በየማለዳው ወደ ሜዳ ያወጣቸው ምን ነበር? አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ መምህራን ባሳተመው መጽሐፍ ለጥያቄው ጥሩ መልስ አቅርቧል። መምህራንን ከሥራቸው ምን እንደሚያስደስታቸው ሲጠይቅ፣ ብዙዎቹ ያስቀደሙት ደመወዝን ወይም ማዕረግን አልነበረም። ትልቁ ደስታቸው ትምህርቱ ወደ ተማሪው ልብ መግባቱን ማየት ነበር። ፊደል ያልለየ ሕፃን ስሙን ሲጽፍ፣ ከሂሳብ ትሸሽ የነበረች ተማሪ መፍትሔውን ራሷ ስታገኝ፣ ኋላ የቀረ ሯጭ ጓደኞቹን ሲደርስባቸው፣ መምህሩ የድካሙን ዋጋ በዐይኑ ያያል። ይህ ደስታ በየቀኑ አይገኝም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ዓመታትን የሚጠይቅ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ የቀመሰው መምህር እንደገና ይሻዋል። ሰዎች ማስተማርን አጥብቀው የሚወዱበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ የሌላ ሰው እድገት የእነርሱም እድገት ሆኖ ይሰማቸዋል።

እንዲህ ያለውን ፍቅር በውጭ ሽልማት ለመተካት መሞከር ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ተመለከተ። ለከፊሎቹ ቢሥሉ የምስክር ወረቀት እንደሚያገኙ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ሣሉ፤ ተሸለሙም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማንም ሳያዛቸው ሲጫወቱ ግን፣ ለሽልማት የሣሉት ሕፃናት ሥዕል ላይ ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ደስታ የነበረው ነገር ሥራ ሆነባቸው። እርምጃውን ለቁጥሩ ብቻ የሚራመድ ሰውም ቁጥሩ በጠፋ ቀን መንገዱ ሊጠፋበት ይችላል።

በትምህርት ቤትም ይኸው ተፈትኖ ታይቷል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣ ደንብ መሠረት፣ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ ልጆቹ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሂሳብ በሚያገኙት የፈተና ውጤት ይወሰን ጀመር። የታሰበው ገንዘቡ እንዳይባክን ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ብዙ መምህራን የሚፈተነውን ብቻ ማስተማር ያዙ፤ ልጆችም የንባቡን መጽሐፍ ሳይረዱት በቃላቸው አጠኑት። ገጣሚውና የትምህርት ተቆጣጣሪው ማቲው አርኖልድ ደንቡን አጥብቆ ተቃወመ፤ ደንቡም በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ቀረ። የተቆጠረው ሁሉ ተሠርቶ ነበር፤ ያልተቆጠረው ግን ተረሳ።

ይህ ማለት የመምህር ሥራ አይመርመር ማለት አይደለም። ፈተናም፣ ሰዓትም፣ መዝገብም ያስፈልጋሉ። መምህሩ ሥራውን ስለሚወድ ደመወዙ ቢያንስ ግድ የለም ማለትም ግፍ ነው፤ የሚወድ ሰውም ልጆች ያሳድጋል፣ የቤት ኪራይም ይከፍላል። መዘንጋት የሌለበት የመለኪያ ቦታ የት እንደሆነ ነው። መለኪያ የሆነውን ይናገራል፤ ሊሆን የሚችለውን አስቀድሞ አይቶ የሚያምነው ግን መምህር ነው። በበቆጂ ሜዳ ላይ የቆመች አንዲት ልጅ ገና አንድም ውድድር ሳታሸንፍ፣ የሚመዘገብ ቁጥር ሳይኖራት፣ ትችያለሽ የሚላት ሰው ያስፈልጋት ነበር።

ስለዚህ አምባሩን ያደረገ ወጣት ያድርገው፤ እርምጃውንም ይቁጠር። ወላጆችና የትምህርት ኃላፊዎች ግን ለመሣሪያ የሚያወጡትን ገንዘብ ያህል ለመምህሩ ኑሮና ክብር ማሰብ ይኖርባቸዋል። የዕድሜውን ሥራ ለመምረጥ የተቃረበ ተማሪም መምህርነትን በሚያስገኘው ገቢ ብቻ መዝኖ ከማለፉ በፊት፣ እርሱን ራሱን ፊደል ያስቆጠረው፣ በደከመው ጊዜ ያበረታታው ሰው ማን እንደ ነበረ ቢያስብ መልካም ነው። ያ ሰው የተራመደው እርምጃ በምንም መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ተማሪው ግን ዛሬ የሚያነበው በዚያ ሰው ድካም ነው።