ጭሰኛው ዲጄ

ሁለት ዲጄዎች የተገናኙበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ወሬው የት እንደሚደርስ አይጠፋችሁም። ስለ ዘፈን ይጀምሩና ሶፍትዌር ላይ ይጣላሉ። «ሴራቶን የሚያህል የለም!» ይላል አንዱ። «ትራክተርን ሳታውቅ ዝም በል ባክህ» ይላል ሌላው። ሦስተኛው የሬኮርድቦክስ ደጋፊ ነው። ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ቨርቹዋል ዲጄን በክራክ ጭኖ ከሰርግ ሰርግ ሲዞር የኖረ ነው፤ እሱ ዝም ብሎ ይስቃል። አርሰናልና ማንቼ በሉት። ኳሱስ ቢሆን ቢያንስ ዘጠናው ደቂቃ ሲያልቅ ውጤት አለው።

ክርክሩ የሰለቸኝ ስለሚጮኹ አይደለም። የሚከራከሩበት ነገር እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ነው። አራቱም ሁለት ዘፈን ያገናኛሉ፤ ፍጥነት ያስተካክላሉ፤ የተፈለገውን ቁራጭ ይደግማሉ። «ይሄ በየትኛው ሶፍትዌር ነው የተቀላቀለው?» ብሎ እስክስታውን ያቋረጠ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ቁም ነገሩ ሌላ ጋ ነው ያለው፤ እሱን ግን ማንም አያነሳውም። የዲጄው ልፋት የማን ንብረት ነው?

ከሥሩ ልጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1973 ኩል ሄርክ ብሮንክስ ውስጥ በሁለት ሸክላ ማጫወቻ ሲያስጨፍር ዕቃ ዕቃ ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ማጫወቻ ከሌላው ፋብሪካ ሚክሰር ጋር ያለ አማላጅ ይገናኛል። ከእሱ በኋላ የመጣው ግራንድማስተር ፍላሽ ደግሞ ከበሮው የሚጀምርበትን ቦታ ሸክላው ላይ በቀለም ምልክት ያደርግ ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ምልክቱ ያለው ሸክላው ላይ ነው። ማጫወቻው ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ፣ ሠሪው ቢከስር፣ ምልክቱ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ይገባል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኔዘርላንዶች ፋይናል ስክራች የሚባለውን ይዘው ብቅ አሉ። ሸክላው ላይ ዘፈን የለም፤ ለኮምፒዩተር የሚያወራ አንድ ድምፅ ብቻ አለ። መርፌው ያንን ያነብባል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ እጅህ ሸክላውን በምን ፍጥነት፣ ወደየት እንዳዞረው ተረድቶ ውስጡ ያለውን ዘፈን እንደዚያው ያሽከረክረዋል። ድንቅ ዘዴ ነው፤ አልክድም። ሃምሳ ኪሎ ሸክላ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ቀረ። በ2004 የኒውዚላንዱ ሴራቶ ሬን ከሚባለው ዕቃ ሠሪ ጋር ሆኖ ስክራች ላይቭን አወጣ፤ የሚሠራው ግን በሬን ሳጥን ብቻ ነበር። በ2007 የበርሊኑ ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ትራክተር ስክራችን ይዞ መጣ፤ እሱም የራሱን ሳጥን ይፈልጋል። ምርጫው በዚያው ጋብቻ ሆነ። በ2013 ሴራቶ ዲጄ የተባለው አዲሱ ሲተካ ደግሞ የ2004ቷ የመጀመሪያ ሳጥን በአዲሱ ላይ አልሠራም አለች። ሳጥኗ አልተበላሸችም፤ አልተሰበረችም። እንዲሁ በቁሟ ወላጅ አልባ ሆነች።

ሳጥኑስ ይሁን፤ ዕቃ ይገዛል። የሚከፋው ምልክቱ ነው። የዛሬ ዲጄ አንድን ዘፈን ቁጭ ብሎ ያዳምጥና ድምፃዊው የሚገባበትን፣ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን፣ ሰው የሚጮህበትን ቦታ አንድ በአንድ ምልክት ያደርጋል። ይሄ የሌሊት ሥራ ነው። ታዲያ ምልክቱ የት ይቀመጣል? ሴራቶ ብዙውን በዘፈኑ ፋይል ውስጥ ያስገባዋል፤ የሚገባው ግን ሴራቶ በሚያውቀው ቋንቋ ነው። ትራክተር በራሱ መዝገብ ይይዘዋል። ሬኮርድቦክስም የራሱ መዝገብ አለው፤ ከስድስተኛው ስሪት ወዲህ መዝገቡ የተመሰጠረ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከሬኮርድቦክስም ዝርዝሩን ማውጣት ይቻላል። ሲሻገር ግን አንዳንዱ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል፤ ምልክቱ ከምቱ ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ያርፋል። ትንሽ ማለት ደግሞ በዚህ ሙያ ሁሉም ማለት ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ዲጄ ነው። አራት ሺህ ያህል ዘፈን በሦስት ዓመት ምልክት አድርጎ ጨርሷል። ባለፈው መጣና «ጋሼ፣ ልቀይር አስቤ ነበር፤ ግን እነዚህን ሁሉ ትቼ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። ይሄን ንግግር እኔ ከዲጄ አልነበረም የማውቀው። የሰው ግቢ ውስጥ በራሱ ገንዘብ ኩሽና የሠራ፣ ግድግዳ የለሰነ፣ ቆጣሪ ያስገባ ተከራይ ነው እንዲህ የሚለው። ኪራዩ ሲጨመርበት ይሰድባል፣ ይራገማል፤ አይወጣም። አከራዩም ይሄን ያውቃል።

ኪራይ ካልን አይቀር፤ ሬኮርድቦክስ በ2020 ስድስተኛውን ስሪት ሲያወጣ ብዙውን ነገር በየወሩ የሚከፈልበት አደረገው። የኩባንያውን ዕቃ ለገዛ የተወሰነው በነፃ ይከፈትለታል ይላሉ፤ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ሴራቶና ትራክተር አንዴ ከፍለህ የምትይዘውም አላቸው። ለበርሊን ልጅ ይሄ የምቾት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላለው ግን ወርሃዊ ክፍያ ማለት ውጭ የሚሠራ ካርድ ማለት ነው፤ ካርዱ ደግሞ ዶላር ይፈልጋል፤ ዶላሩ ደግሞ ሲያትል ያለች አክስት ይፈልጋል። የአክስትየው ካርድ ያበቃ ቀን ሰርጉ ይቆማል? የክራኩ ነገር እንዲህ የተስፋፋው ልጆቹ ሌባ ስለሆኑ ብቻ የሚመስለው ሰው ይሄንን ያስብበት።

«ገበያ ነው፤ ፉክክሩ ያስተካክለዋል» የሚሉኝ አሉ። ፉክክሩን ካገኛችሁት ንገሩኝ። በ2023 አልፋቴታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ፣ ማለትም የፓዮኒር ዲጄ ዕቃዎችና የሬኮርድቦክስ ባለቤት፣ ሴራቶን ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። የሁለት ተፋላሚ ቡድን ደጋፊዎች ሲሰዳደቡ፣ ቡድኖቹ ጓዳ ውስጥ በአንድ ዋንጫ ሊጠጡ ነበር። ያስቆመው የኒውዚላንድ የንግድ ኮሚሽን ነው፤ በሐምሌ 2024 ፉክክሩን በእጅጉ ያዳክማል ብሎ ከለከለ። በሶፍትዌሩ ስም ሲሰዳደቡ የከረሙት ደጋፊዎችማ አንድም ነገር አላስቆሙም።

ለእኛ ደግሞ የባሰ አለ። እነዚህ ሶፍትዌሮች ዘፈንን የሚለኩበት ፍርግርግ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ዘፈን ሁሉ በአራት እየተቆጠረ፣ ሳይዛነፍ እኩል የሚሄድ አድርገው ነው የሚያሰሉት። ችክችካው በ6/8 ሲመጣ ግራ ይገባቸዋል፤ አንዱን ዘፈን አንዴ ቀርፋፋ፣ አንዴ አንድ ተኩል እጥፍ ፈጣን ያደርጉታል። አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው የሸክላ ኩባንያ የታተሙትን ስሟቸው፤ ከበሮ መቺው ሰው ነው፤ ዘፋኙ ሲግል እሱም ይፈጥናል፤ ሲረጋ ይረጋል። ፍርግርጉ እዚያ ጋ ይሰበራል። ሴራቶ ፍርግርጉን እየለጠጡ ማስተካከልን ከፈቀደ ቆይቷል፤ ትራክተር ይሄን የጨመረው በ2024 በወጣው አራተኛው ስሪት ነው። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ዲጄ ከሁሉም መብረቅርቅ ይልቅ ይሄ አንድ ነገር ይበልጥ ነበር፤ በየጠረጴዛው ስሄድ ግን ሲነሳ የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው። ሲንክ የሚባለው ቁልፍ ማጭበርበር ነው አይደለም የሚለውን ግን ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቁልፉ ችክችካ ላይ ሲጫን ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ስለ ማጭበርበር ባልተከራከረ።

ለልጁ ያልኩትን ለእናንተም ልበላችሁ። ከሚያስገባህ በር በፊት የሚያስወጣህን በር እይ። ገንዘብህን ሳትከፍል በሙከራው ስሪት ሃያ ዘፈን አስገባ፤ አሥሩ ችክችካ ይሁኑ። ምልክት አድርግ። ከዚያ በሌላ ሶፍትዌር ክፈታቸውና ስንቱ ምልክት እንደተረፈ ቁጠር። ሚክስ የሚባል (ፈረንጆቹ በሦስት ኤክስ ይጽፉታል) ነፃና ክፍት የሆነ ፕሮግራም አለ፤ ምልክት ያለበትንም ሸክላ ያነብባል፤ የሴራቶንና የሬኮርድቦክስን ምልክት ማንበብም ይችላል። መልኩ እንደነዚያ አያምርም፤ ደግሞ «በምንድነው የምትሠራው?» ሲሉህ አያኮራም። የወር ኪራይ ግን አይጠይቅህም።

ሌላው፣ በየሳምንቱ መዝገብህን ወደ ውጭ አውጥተህ ከላፕቶፑ ተለይቶ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ አኑር። የፋይሎቹን ስም ደግሞ ራስህ ጻፍ። ልጁ ኮምፒዩተር ውስጥ ጥላሁን ገሠሠ በአራት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ አራት ሰው ሆኖ ተቀምጧል፤ ሰርጉ ደምቆ ሽማግሌ መጥቶ በጆሮው «የጥላሁንን» ሲለው፣ ልጁ ከአራቱ የትኛው ጋ እንዳለ ይፈልጋል።