«ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?»

ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ባለፈው ሰሞን የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ፎርሟን ይዛ ታካሚዎችን ስትጠይቅ ከአጠገቧ ሆኜ እሰማ ነበር። ትሁት ልጅ ናት፣ ሥራዋንም ትወዳለች። እጥበት ላይ ያሉ አንድ አባት ጋ ደረሰችና ከፎርሙ ላይ አነበበችላቸው፦ «ባለፉት 7 ቀናት፣ በሥራ ቀን ምን ያህል ጊዜ ተቀምጠዋል?»

«የት፣ እዚህ? እዚህስ አልቀመጥም ልጄ፤ ቤቴ ሰበታ ነው። ለመምጣት ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል» አሏት።

2 ብላ ጻፈች።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በኋላ ግን ያቺ 2 የት የት እንደምትደርስ ሳስበው ሳቁ ጠፋ። ኮምፒውተር ውስጥ ትገባለች፣ አማካይ ውስጥ ትደመራለች፣ ከዚያ «የእጥበት ታካሚዎች በቀን ይህን ያህል ይቀመጣሉ» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስት ነኝና ያንን አንብቤ ለማን እንቅስቃሴ እንደማዝ እወስናለሁ።

ጥያቄው የመጣው አይፓክ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ ነው። አጭሩ ቅጽ 7 ጥያቄዎች አሉት፤ የመጨረሻው ስለ መቀመጥ ነው። በ12 አገሮች ተፈትሾ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ስለዚህ «ቫሊድ ነው» ይባላል። እሺ፣ ግን በማን ላይ? በየትኛው ቋንቋ? የተፈተሸው በጤነኛ አዋቂዎች ላይ እንጂ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከማሽን ጋር በሚታሰር ሰው ላይ አይደለም።

እስቲ የራሳችንን ቃል እንየው። መቀመጥ ማለት መኖርም ነው፤ «አዲስ አበባ 20 ዓመት ተቀመጥኩ» እንላለን። ሥራ መፍታትም ነው፤ «እሱማ ቤት ነው የተቀመጠው» ሲባል ምን እንደተባለ ሁላችንም እናውቃለን። በሕመሙ ምክንያት ከሥራ የወጣ ሰው «ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ?» ሲባል የሚሰማው «ሥራ ፈት ነህ እንዴ?» የሚል ነው። ቁጥሩን ቢቀንስ ይፈረድበታል? «ኧረ እኔ አልቀመጥም፣ ሱቅ እከፍታለሁ» ያለኝ ታካሚ አለ። ሱቁ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ በርጩማ ላይ ነው የሚውለው! «ሰዓት» ራሱም ሁለት ነገር ነው፤ «ስንት ሰዓት?» ስትለው «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ» የሚልህ አለ።

አሁን ዋናው ነጥቤ። ብዙዎቻችን «ተርጉመናል፣ ወደ እንግሊዝኛም መልሰን አስተርጉመን አመሳክረናል» ብለን እንረካለን። እንግሊዝኛው ወደ «መቀመጥ» ይሄዳል፣ «መቀመጥ» ደግሞ ንጹህ ሆኖ ወደዚያው ቃል ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ ምንም ችግር አይታይም። ሁለቱ ተርጓሚዎች ተማሩ፣ አውቀው ተግባቡ፤ የሰበታው አባት ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም። ይህን የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ታካሚውን ጠይቆ፣ መልሱን ከሰሙ በኋላ «ጥያቄውን ሲሰሙት ምን መሰለዎት? ቁጥሩንስ እንዴት አሰሉት?» ማለት። በትርጉም አሠራር መመሪያዎች ላይ ከ30 እስከ 40 ሰው ተብሎ የተጻፈው የቅድመ ሙከራ ደረጃ ለዚህ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው፤ ወይ ደግሞ «ግልጽ ነው ወይ?» ተብሎ ይታለፋል። ታካሚ ደግሞ ለሚያክመው ሰው «ግልጽ አይደለም» አይልም፤ ይሉኝታ አለ።

እጥበቱ ራሱስ? አንድ ጊዜ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በሳምንት 3 ጊዜ ለሚያደርግ 12 ሰዓት፣ በገንዘብ እጥረት 2 ጊዜ ለሚያደርግ 8። ያ ሰዓት መቀመጥ ነው ወይስ አይደለም? ብዙው ታካሚ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚታጠበው፣ ግማሹም ያንቀላፋል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ መቀመጥንና ጋደም ማለትን አንድ ላይ ቆጥሮ እንቅልፍን ያወጣል፤ አይፓክ ግን ስለ እጥበት ምንም አያውቅም። በዚያ ላይ የእጥበት ቀንና የዕረፍት ቀን ሰማይና ምድር ናቸው። ከእጥበት ሲመለስ ደክሞት የሚዋልልን ሰው «በአማካይ» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? ሁለቱ ቀኖች ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው።

«አልፋው 0.8 መጣ» ለሚሉኝ ወዳጆቼ፦ ክሮንባክ አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ እውነት መናገራቸውን አያሳይም። ሁሉም አንድ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ደግሞ ለመጠየቅ ከተፈለገ በሳምንቱ፣ በዚያው ቀን ይሁን፤ ሰኞ ጠይቀህ ሐሙስ ብትደግም የሚለያየው ሰውየው ይሁን ቀኑ አታውቅም። በመሣሪያ ማመሳከር ከተቻለ ጭን ላይ የሚታሰረው ይሻላል፤ መቆምንና መቀመጥን እሱ ይለያል። የእጅ አንጓው አይለይም፣ መርፌ በሚገባበት ክንድ ላይ ደግሞ ማሰርም አይገባም። መሣሪያው ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ታካሚን ማዳመጥ ግን ነፃ ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ እነዚህ ሰዎች ተሰላችተዋል። አራት ሰዓት ሙሉ የትም የማይሄዱ ስለሆኑ ፎርም ያለው ሁሉ ወደነሱ ይመጣል። ግፊታቸው ወርዶ፣ እግራቸውን ጡንቻ ይዟቸው እያቃሰቱ «ጥያቄ 14» ሲባሉ አይቻለሁ። ስንት መጠይቅ ሞልተው ስንቱ ለነሱ ተመልሶ ጠቀመ?

እኔን የሚያሳስበኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለ እጁ ድጋፍ መነሳት ያቃተው ታካሚ ነው። ጡንቻው የሚሟሽሸው ቀስ በቀስ ነው፤ ቀድመን ካወቅን እጥበት ላይ እያለ እንኳ ፔዳል ልናስመታው እንችላለን። ፎርሙ ላይ 2 የተጻፈለት ሰው ግን «ደህና ይንቀሳቀሳል» ተብሎ ይታለፋል። ሰበታ ሄዶ ሽንት ቤት ሲነሳ እስኪወድቅ ድረስ ማንም አያየውም።

ልጅቷን በኋላ አነጋገርኳት። አልተቀየመችም፤ «ታዲያ ምን ልበል?» አለችኝ። አብረን «ቁጭ ብለው ወይም ጋደም ብለው፣ ሳይተኙ፣ የሚያሳልፉት ጊዜ» የሚል ጻፍን፤ ለእጥበት ቀን አንድ፣ ለሌላው ቀን አንድ። ከጠዋት ጀምሮ እየቆጠሩ፦ ቁርስ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ፣ ቡና ላይ፣ ቴሌቪዥን ፊት። ይህም ገና ይፈተሻል፤ ምናልባት «ጋደም» የሚለውም ሌላ ጣጣ ያመጣብን ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ ለሚመልሱት ደግሞ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል።

ተመሳሳይ ፎርም እያዘጋጃችሁ ያላችሁ ካላችሁ ረቂቁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አምስት ታካሚ ጋ ይዤው ልሂድና የሚሉትን እንዳለ ጽፌ እመልስላችኋለሁ።