የኳንተም ሒሳብ በኢኮኖሚክስ፦ ስያሜ ወይስ ትንበያ?

የ1973ቱ የብላክና ሾልስ እኩልታ ተለዋዋጮቹ ሲተኩ የሙቀት ስርጭት እኩልታ ይሆናል፤ ጊዜው ምናባዊ ቁጥር ከተደረገ ደግሞ የሽሮዲንገርን መልክ ይይዛል። ይህ ልብሱን መለወጥ እንጂ አዲስ ዕውቀት አይደለም።

የኳንተም ሒሳብ ፋይዳ የሚታየው በሰዎች ፍርድ ጥናት ላይ ነው። በ1997 በአሜሪካ በተካሄደ የጋሉፕ መጠይቅ «ክሊንተን ታማኝ ናቸው» ያሉት፣ ስለ እሳቸው አስቀድመው ሲጠየቁ 50 በመቶ፣ ከአል ጎር ቀጥሎ ሲጠየቁ ግን 57 በመቶ ነበሩ። ቅደም ተከተላቸው ውጤትን የሚለውጥ ኦፕሬተሮች ይህን ከመግለጽ አልፈው ይተነብያሉ፦ በመካከል አዲስ መረጃ ካልገባ፣ ለሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ የሚሰጡ ሰዎች ድርሻ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥም አይለወጥም። ትንበያው እንደ ውሂቡ የሚስተካከል መለኪያ የለውም፤ ስለዚህ ሊወድቅ ይችላል። «ዋጋ ይንራል?» እና «ገቢዎ ያድጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ኢኮኖሚስት ሊፈትነው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ የሚጠበቅበትም መጠይቁን በሁለት ቅደም ተከተል ማሰራጨት ብቻ ነው።