በአሰላ ለተማሩ እናቶቻችን

ይህ እትም በአብዛኛው የተጻፈው፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር በአሰላ ከተማ፣ በራስ ዳርጌ ትምህርት ቤት በአንድ ወንበር ተቀምጠው ተምረው፣ ዛሬ ግን ከበቆጂ እስከ ስቶክሆልም በተበተኑ አረጋውያት ወይዛዝርት እጅ ነው። የስዊድን መንግሥት የረዳው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ካዱ የሚለው፣ በ1960 ዓ.ም. ሲቋቋም ገና ልጃገረዶች ስለነበሩ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ አባቶቻቸው ማሳ ሲገባ በዓይናቸው አይተዋል፤ በ1967 ዓ.ም. ከትምህርት ገበታቸው ተነሥተው በዕድገት በኅብረት የዘመቱም አሉባቸው።

ዜናቸው ዜና ቤተ ዘመድ ነው። አንዲቱ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና፣ ሌላይቱ ለሐጅ መካ መድረሳቸውን፣ ሦስተኛይቱ የኢየሩሳሌም ጉዟቸውን ይተርካሉ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን፣ የዓይን ሞራ ስለጋረዳቸው እያንዳንዱን ፊደል እንደ አውራ ጣት ጥፍር አግዝፈው፣ በአንድ ገጽ ከስድስት መስመር የማይበልጥ የጻፉት እናት መልእክት ነው፤ ከአርሲ ገብስ የተሠራ ጩኮ ባሕር ተሻግሮ በደረሳቸው ቀን፣ የጉልበታቸውን ሕመም ረስተው ጎረቤት እንደ ጠሩ ይነግሩናል።

ስለ እናቶቻችን ወጣትነት ጥቂት፣ ስለ እርጅናቸው ግን ከዚያም ያነሰ ስለ ተጻፈ፣ እነዚህን መልእክታት ሳናሳጥር አትመናቸዋል። ማንበብ ለተሳናቸው የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው፣ አንባቢ ሆይ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው፤ የሚመልሱትንም ጽፈህ ላክልን።