ጉበት ሲታመም አእምሮ ለምን ይደናገራል?

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ገዋኔም ሆነ ሰመራ በማንኛውም ቤት ሊያጋጥም የሚችል ችግር እናነሳለን።

ጉበቱን ለረጅም ጊዜ የታመመ አባወራ ቀን እየተኛ ሌሊት መንቃት ይጀምራል። የፍየሎቹን ቁጥር ይስታል፤ የልጆቹን ስም ያምታታል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ቤተሰቡ «ጂን ነካው» ወይም «አበደ» ብሎ ይደነግጣል። እኛ ግን አስቀድማችሁ ጉበቱን አስቡ እንላለን።

ጤነኛ ጉበት ከአንጀት የሚመጣውን አሞኒያ የተባለ መርዛማ ነገር ያጣራል። በሄፓታይተስ ቢ ወይም በሌላ ምክንያት ጉበት ሲጠባሰስ ግን መርዙ በደም ተጉዞ አንጎል ይደርሳል። የሆድ ድርቀት፣ ደም ማስታወክ፣ ኢንፌክሽን፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ እንዲሁም በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት የሚከተል የሰውነት ውሃ ማነስ ያባብሱታል።

ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ለውጡን በምስል ያሳያል። ጉበት ማስወገድ ያቃተው ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን አንጎል ውስጥ ሲጠራቀም በምስሉ ላይ ነጥቶ ይታያል። ሆኖም የንጣቱ መጠን የመደናገሩን መጠን በትክክል አይናገርም። የሲቲ ስካን ዋና ጥቅሙም አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱን ማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ከገዋኔ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ምስል እስኪነሳ ድረስ ሕክምናው መዘግየት የለበትም።

ቀላል መመርመሪያም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሽተኛው በ1 ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል የእንስሳት ስም ይጠራል። ከ10 በታች ከሆነ ያጠራጥራል፤ ሐኪሙ ግን ዕድሜንና ትምህርትን ያገናዝባል። በአፋርኛ ቢጠየቅ ለከብት አርቢ ወገናችን ይህ እንግዳ ጥያቄ አይሆንም። እጁን ዘርግቶ መዳፉን ቀና ሲያደርግ እንደ ክንፍ የሚርገበገብ ከሆነም ሌላ ምልክት ነው።

ላክቱሎዝ የተባለው ሽሮፕ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እያስወጣ መርዙን ይቀንሳል። ወተትና ሥጋ ፈጽሞ መከልከል የቀድሞ ምክር ነው፤ ዛሬ አይደገፍም። ጉበቱ የደከመ ሰው ረጅም ሰዓት ሳይበላ መዋል ስለሚጎዳው ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ያማክር። ዲናችን ለበሽተኛ ያቀለለውን እኛ አናክብድበት።

ለልጆቻችን ደግሞ መከላከያው ክትባት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ከመሣሪያው በፊት ለውጡን የሚያየው አብሮ የሚኖር ሰው ነው። የጉበት በሽተኛ ሲደናገር ካያችሁ ሳታድሩ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም አድርሱት። ቁርኣኑም ይቀራለት፤ ዱዓውም ይደረግለት፤ ሕክምናው ግን አይቅርበት። አላህ ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን ይላክልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።