ስለ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍና ስለ ጠያቂው ልጅ

ልጆች ሆይ፤ ልብ ወለድ ታሪክ ማለት ጸሐፊው ከልቡ አውጥቶ የጻፈው ታሪክ ነው። ያልነበሩትን ሰዎች እንደ ነበሩ፥ ያልተደረገውንም ነገር እንደ ተደረገ አድርጎ ይነግራል። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ አንባቢው ልብ ወለድ መሆኑን እስካወቀ ድረስ ውሸት አይባልም። ጭንቁ የሚመጣው ልብ ወለዱ የእውነተኛውን ታሪክ ልብስ ለብሶ በታየ ጊዜ ነው።

እንዲህ ካሉት መጻሕፍት አንዱ ዳን ብራውን የሚባል አሜሪካዊ የጻፈው «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» ነው። በ2003 ታተመ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ)፤ በብዙ ቋንቋ ተተርጕሞ በብዙ ሚሊዮን ተሸጠ፤ በ2006 ደግሞ በሲኒማ ታየ። ታሪኩ በፓሪስ ከተማ ስለ ተገደለ ሰውና ምስጢሩን ስለሚፈልጉ ሰዎች ነው። በመካከሉ ግን ሊቅ ነው የተባለ አንድ ሰው ተነሥቶ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ያስተምራል። ጌታችን መግደላዊት ማርያምን አግብቶ ነበረ፥ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ሸሸገች ይላል። እስከ ኒቅያ ጉባኤም ድረስ ክርስቲያኖች ኢየሱስን ሰው ብቻ ነው ይሉት ነበረ፤ አምላክነቱ በጉባኤው በድምፅ ብልጫ፥ ያውም በጥቂት ብልጫ፥ ተወሰነ ይላል። ይባስ ብሎ በመጽሐፉ መጀመሪያ ይህ እውነት ነው የሚል ገጽ አለ፤ በ1099 የተመሠረተ አንድ የምስጢር ማኅበር እስከ ዛሬ አለ ብሎም ይመሰክራል። ማኅበሩን ግን አንድ ፈረንሳዊ ከጓደኞቹ ጋር በ1956 እንዳቋቋመው፥ የጥንት ነው የተባለው ጽሑፍም ሐሰተኛ እንደ ሆነ ተመርምሮ ታውቋል።

አንድ ቀን አንድ የትምህርት ቤታችን ልጅ ይህን ሲኒማ ከታላቅ ወንድሙ ጋር አይቶ ወደ እኔ መጣና፥ «የኔታ፥ ኢየሱስ አምላክ ነው የተባለው በኒቅያ ድምፅ ተቈጥሮ ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፥ «ይህን የመናፍቃን ወሬ ከየት አመጣኸው? ዝም በል!» ብዬ ተቈጣሁት። ልጁ እጅ ነሥቶ ሄደ። ዓመቱ እስኪፈጸምም ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ዝምታው መታዘዝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበረ። እውነቱን ብናገር ግን የተቈጣሁት መልሱን ስላላወቅሁ ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን ከልጅነቴ ጀምሬ በቃሌ እደግማለሁ፤ ማን፥ የት፥ መቼ፥ ስለ ምን እንደ ጻፈው ግን መርምሬ አላውቅም ነበረ።

እንደ እኔ ያደረጉ ሌሎችም ነበሩ። በጣልያን አገር የጄኖቫው ካርዲናል በ2005 ማንም መጽሐፉን እንዳይገዛና እንዳያነብ መከረ፤ መጽሐፉ ግን መሸጡን አላቋረጠም። በእንግሊዝ አገር የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሲኒማው በውስጧ እንዳይነሣ ከለከለች፤ የሊንከን ካቴድራል ግን ፈቀደች፥ ስለዚህም አንዲት መነኵሲት በደጅ ተንበርክካ ስትጸልይ ዋለች። እርስዋን አልነቅፍም፤ ጸሎት የማንንም አፍ አይዘጋምና። ልብ ወለድ ነው፥ ምን አገባን ብለው ያለፉም ነበሩ። እነዚህም የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ ልጁ የጠየቀው ስለ ልብ ወለድ አልነበረምና።

እኔ ከሁሉ የወደድሁት በፓሪስ ያለው የቅዱስ ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ያደረገውን ነው። መጽሐፉ በዚያ ወለል ላይ ያለው የናስ መስመር የጣዖት ቤት ቅሬታ ነው ብሎ ነበረ። አንባቢዎች መስመሩን ለማየት በመጡ ጊዜ አላባረሯቸውም፤ አንድ ማስታወቂያ ጽፈው ሰቀሉ እንጂ። መስመሩ በ18ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት የፀሐይን አካሄድ የለኩበት መሣሪያ ነው፤ በመስኮቱ ያሉት ሁለት ፊደላትም የጴጥሮስና የሱልፒስ ስም መጀመሪያ ናቸው እንጂ የምስጢር ማኅበር ምልክት አይደሉም ይላል። እንግዳው አንብቦ መስመሩን በዓይኑ አይቶ ይሄዳል።

እኔም ለዚያ ልጅ ያልመለስሁለትን ለእናንተ ልጻፍ።

ኒቅያ ዛሬ በቱርክ አገር በሐይቅ ዳር ያለች፥ ኢዝኒክ የምትባል ከተማ ናት። በ325 ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ጳጳሳትን በዚያ ሰበሰበ። ቤተ ክርስቲያን ቍጥራቸውን 318 ትላለች፤ በቅዳሴያችንም ሠለስቱ ምዕት እየተባሉ ይጠራሉ። በጉባኤው የነበረው አውሳብዮስ ግን ከ250 በላይ ነበሩ ብሎ ጽፎአል፤ ይህን ልዩነት መናገር አያሳፍርም። የተሰበሰቡት የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ፥ ወልድ ከዓለም አስቀድሞ የተፈጠረ ፍጡር ነው ስላለ ነው። አስተውሉ፤ አርዮስ እንኳ እንደ እኛ ያለ ሰው ብቻ ነው አላለም። በመጨረሻም አንፈርምም ብለው ከአርዮስ ጋር የጸኑት ጳጳሳት ሁለት ብቻ ነበሩ። ይህ ጥቂት ብልጫ ይባላልን?

አንድ ብልህ ልጅ ግን፥ «ንጉሡ እንቢ ያሉትን ወደ ግዞት ሰድዶ የለምን? ምናልባት የቀሩት ፈርተው ፈርመው ይሆናል» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፥ ሰድዶአቸዋል። ስለዚህ የፊርማውን ቍጥር እንተወውና ንጉሥ ያልጠራውን ምስክር እንጥራ።

ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በ112 ገደማ፥ ፕሊኒ የሚባል የሮም አገረ ገዥ ነበረ። የሚገዛው አገር ቢታንያ ይባል ነበረ (የአልዓዛር መንደር የሆነችው ቢታንያ ግን አይደለችም)፤ ኒቅያም በዚያው አገር ነበረች። ፕሊኒ ክርስቲያን አልነበረም፤ ክርስቲያኖችን እየመረመረ በሞት ይቀጣ ነበረ። ወደ ንጉሡ ወደ ትራያኖስ በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖቹ በተወሰነ ቀን ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሎ አስታወቀ። ሊያመሰግናቸው አልጻፈም፤ እንዴት እንደሚቀጣቸው ሊጠይቅ ነው እንጂ። እንግዲህ ጳጳሳቱ በተሰበሰቡበት በዚያው አገር፥ አያቶቻቸው ሳይወለዱ፥ ሰዎች በጨለማ ተነሥተው ሲዘምሩለት ነበረ። በ325 የተወሰነው ቃሉ ነው፤ መዝሙሩ ግን ከዚያ አስቀድሞ ነበረ።

መጽሐፉ ስለ ወንጌሎችም ይናገራል፤ አራቱን የመረጠ፥ ሌሎቹንም ያጠፋ ቈስጠንጢኖስ ነው ይላል። የኒቅያ ጉባኤ ግን የመጻሕፍትን ቍጥር አልወሰነም። የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ለይቶ የቈጠረው አትናቴዎስ በ367 በጻፈው የፋሲካ መልእክት ነው፤ ይህም አትናቴዎስ ለአገራችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመው ነው። ሌሎች ወንጌል የተባሉ ጽሑፎች መኖራቸውንም መካድ አይገባም። በ1945 በላይኛው ግብጽ በናግ ሐማዲ አጠገብ በገንቦ ውስጥ ተቀብረው ተገኝተዋል። ከእነርሱ አንዱ፥ የፊልጶስ ወንጌል የተባለው፥ ስለ መግደላዊት ማርያም ይናገራል፤ ነገር ግን ከአራቱ ወንጌሎች ብዙ ዘመን ዘግይቶ የተጻፈ ነው፥ ሚስቱ ነበረች የሚል ግልጥ ቃልም የለበትም። ልብ ወለዱ ብዙ የተደገፈበት ስፍራ ደግሞ ተቀዶ ቃል ጐድሎታል። መጽሐፈ ሄኖክን ጠብቀን የኖርን እኛ ስለ መጻሕፍት ቍጥር ቢጠይቁን ልንደነግጥ አይገባንም።

ይህን ሁሉ ባወቅሁ ጊዜ ያን ልጅ ፈለግሁት። ትምህርቱን ፈጽሞ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሌላ አገር ሄዷል አሉኝ። መጽሐፉን ግን ገዝቼ በመደርደሪያዬ ላይ ከሃይማኖተ አበው አጠገብ አኑሬዋለሁ። ከፍ ካለው ክፍል አንድ ተማሪ መጥቶ ቢጠይቀኝ ሁለቱንም አውርጄ አሰጠዋለሁ፤ እስኪመለስም ወንበር አዘጋጅቼ እቈየዋለሁ።